ስለ ሰንደቅ ዓላማ ክብርና ስለ ዝምተኛ አቤቱታ

«የተጠማ ከፈሳሽ፥ የተበደለ ከነጋሽ» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የቆየ ነው። ትርጓሜውም ለማንም ግልጽ ነው። ውሃ የጠማው ሰው ወደ ወንዝ መውረዱ ወንዙን መናቁ እንዳልሆነ ሁሉ፥ ግፍ የደረሰበትም ሰው ወደ ሹም ደጅ ሄዶ አቤት ማለቱ ሹሙን መድፈሩ አይደለም፤ ይልቁንም ፍርድ ከዚያ ዘንድ እንደሚገኝ ማመኑን የሚገልጽ ነው። በቀድሞው ዘመን ንጉሥ በመንገድ ሲያልፍ ባላገሩ ከሩቅ ቆሞ አቤት አቤት እያለ ይጮህ ነበር። ደግ ንጉሥ ተብሎ ስሙ ለልጅ ልጅ የሚተርፈውም፥ ጩኸቱ ጉዞዬን አወከብኝ ብሎ የሚቆጣው ሳይሆን፥ ይህ ሰው ምን ደርሶበት ነው ብሎ የሚጠይቀው ነበር።

በዚህ በእኛ ዘመን ደግሞ፥ በሌላው ዓለም፥ አንድ ሌላ ዓይነት አቤቱታ ተነሥቶ ብዙ ክርክር አስከትሏል። ይኸውም ስፖርተኞች በሕዝብ ፊት የሀገራቸው መዝሙር ሲዘመርና ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ፥ በወገናቸው ላይ ስለሚደርሰው በደል አንድም ቃል ሳይናገሩ በእጃቸው ወይም በጉልበታቸው ምልክት ማሳየታቸው ነው። አንዳንዱ ይህን የሀገር ክብር መድፈር ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የእውነት ምስክርነት ነው ይላል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ከመፍረድ አስቀድሞ የነገሩን ሥር መመርመር ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር ከኳስ ጨዋታ በፊት ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ የሀገሩን መዝሙር መስማቱ የጸና ልማድ ነው። የመዝሙሩ ግጥም በ1807 ዓ.ም. የእንግሊዝ መርከቦች በባልቲሞር ከተማ አጠገብ ያለውን ምሽግ ሲደበድቡ ባየ አንድ የሕግ ሰው ተጽፎ፥ በ1923 ዓ.ም. በሕግ የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ታወጀ። ስለ ነፃነት የሚዘምረው ይህ መዝሙር በተጻፈበት ጊዜ ግን፥ በዚያው አገር እጅግ ብዙ ጥቁር ሕዝብ በባርነት ቀንበር ሥር ይገዛ ነበር። ባርነት ከቀረም በኋላ ጥቁሩ ሕዝብ በትምህርት ቤት፥ በሥራ፥ በመኖሪያና በፍርድ ቤት ከነጩ ጋራ እኩል ሆኖ ሳይታይ ብዙ ዘመን አለፈ። በመዝሙሩ ቃልና በሕዝቡ ኑሮ መካከል ያለው ይህ ርቀት፥ የክርክሩ ሁሉ ሥር ነው።

ከእነዚህ አቤቱታዎች በዓለም ሁሉ የታወቀው ጥቅምት 6 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር የታየው ነው። በዚያ ቀን በ200 ሜትር ሩጫ አሜሪካዊው ቶሚ ስሚዝ በ19.83 ሴኮንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አቁሞ አንደኛ ወጣ፤ አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን ሁለተኛ፥ አሜሪካዊው ጆን ካርሎስ ሦስተኛ ሆኑ። ሁለቱ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ሽልማቱ ሰገነት ሲወጡ ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ካልሲ ብቻ ነበሩ፤ ይህም የወገናቸውን ድህነት ለማሳየት ነው። መዝሙሩ ሲጀመርም አንገታቸውን ደፍተው፥ ስሚዝ ቀኝ እጁን፥ ካርሎስ ግራ እጁን ጥቁር ጓንት አጥልቀው ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ነጩ ኖርማን እጁን ባያነሣም፥ ስለ ሰብአዊ መብት የሚታገለውን የስፖርተኞች ማኅበር ምልክት እንደ ሁለቱ በደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ከሦስቱም አንድ ቃል አልተሰማም።

ፍርዱ ፈጥኖ መጣ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሹማምንት ተቆጥተው፥ የአሜሪካ ኮሚቴ ሁለቱን ሰዎች ከቡድኑ እንዲያወጣ ስላስገደዱት፥ ስሚዝና ካርሎስ ከስፖርተኞች መንደር ተሰናብተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያም የሚጠብቃቸው የግድያ ዛቻና የሥራ ማጣት ነበር። ኖርማንም ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ የማጣሪያውን ሰዓት ደጋግሞ ያሟላ ቢሆንም፥ በ1964 ዓ.ም. ለተደረገው ለሙኒክ ኦሊምፒክ ሳይላክ ቀረ። በሜክሲኮ የሮጠበት 20.06 ሴኮንድ ግን በአገሩ ሰው ሳይሻሻል እስከ 2017 ዓ.ም. ቆይቷል።

ዘመን ካለፈ በኋላ ፍርዱ ተገለበጠ። ሁለቱ ሰዎች የተማሩበት የሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት ወር 1998 ዓ.ም. ሐውልት አቆመላቸው፤ የሁለተኛው ስፍራ ባዶ ሆኖ የተተወውም፥ የሚጎበኘው ሰው ሁሉ በዚያ ቆሞ ከእነርሱ ጋር እንዲታይ ነው። ኖርማን መስከረም 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ፥ ስሚዝና ካርሎስ ከአሜሪካ ድረስ ሄደው አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ሆኑ። የአውስትራሊያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤትም በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ለሟቹ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የአሜሪካም ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2012 ዓ.ም. ሁለቱን፥ በአንድ ወቅት ያሰናበታቸውን ሰዎች፥ ከክብር መዝገቡ ጻፋቸው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ክብር መልካም ነው፤ ነገር ግን በ44 ዓመት ዘግይቶ በመቃብር ላይ የተነገረ ይቅርታ ለሟች ምን ያህል ይጠቅመዋል ብሎ መጠየቅ የሹም ሁሉ ፈንታ ነው።

በዚህ ነገር ኢትዮጵያ ከሩቅ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። ከውድድሩ አስቀድሞ፥ ዘርን ከዘር እየለየች የምትገዛው የያኔዋ ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜክሲኮ እንድትመጣ በተፈቀደ ጊዜ፥ ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ መንግሥታት እርስዋ ካለች እኛ አንገኝም ብለው ስለ ቆረጡ፥ በሚያዝያ 1960 ዓ.ም. ግብዣው ተሻረ። ጥቁሮቹ የአሜሪካ ስፖርተኞችም በማኅበራቸው ከጠየቁት ነገር አንዱ ይኸው የደቡብ አፍሪካ መታገድ ነበር። መንግሥታት በደብዳቤና በጉባኤ የጠየቁትንና ሁለት ሯጮች ከአራት ቀን በኋላ ማሞ ወልዴ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ባገኘበት ከተማ በዝምታ ያመለከቱትን አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው፥ ልዩነቱ በሥልጣን እንጂ በነገሩ ሥር እንዳልሆነ ይገለጥለታል። መንግሥት አቤቱታውን የሚያሰማበት ወንበር አለው፤ ሯጭ ግን ዓለም የሚያየው በሰገነቱ ላይ በቆመባት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በዚያው በሜክሲኮ፥ በዚያው ወር፥ ሌላ ምልክት ታይቷል። የቼኮስሎቫኪያዋ የጂምናስቲክ ባለሙያ ወይዘሪት ቬራ ቻስላቭስካ፥ የሶቪየት ጦር ከተባባሪዎቹ ጋራ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. አገርዋን ከወረረ ከሁለት ወር ያህል በኋላ፥ በሽልማቱ ሰገነት ላይ የሶቪየት መዝሙር ሲዘመር አንገትዋን ደፍታ ፊትዋን መለሰች። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው። ወደ አገርዋ በተመለሰች ጊዜ ግን፥ ወረራውን የተቀበለው መንግሥት፥ ለሕዝብ መብት የተጻፈውን ጽሑፍ ፈርማ ስለ ነበረና ፊርማዋንም አልስብም ስላለች ጭምር፥ ለብዙ ዓመት ሥራ ከለከላት። መንግሥቱ በ1982 ዓ.ም. ሲለወጥ የአዲሱ ፕሬዚዳንት አማካሪ ሆነች።

ከዚህ ሁለት ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እጅግ የሚያስተዛዝብ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ በባዕድ ሰንደቅ ዓላማ ፊት የታየውን ዝምታ ጀግንነት ብሎ ያመሰግናል፤ በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ፊት የታየውን ያንኑ ዝምታ ግን ክህደት ብሎ ይኮንናል። ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በካታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፥ አንዲት ወጣት ሴት በፖሊስ እጅ ከሞተች በኋላ አገራቸው ስትታወክ፥ የኢራን ተጫዋቾች መዝሙራቸው ሲዘመር አፋቸውን ዘግተው በቆሙ ጊዜ፥ በሌላው አገር ያሉ አያሌ ሰዎች አደነቁአቸው። ሚዛን ግን አንድ ሊሆን ይገባል። በጎረቤት ቤት ሲሆን ምስክርነት፥ በራስ ቤት ሲሆን ስድብ የሚሆን ነገር የለም።

በዚህ ዘመን ክርክሩን እንደ ገና ያቀጣጠለው ኮሊን ካፐርኒክ የተባለ ሰው ነው። ይህ ሰው አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው በሚጠሩት፥ ነገር ግን አብዛኛው በእጅ በሚደረገው ጨዋታ፥ የሳን ፍራንሲስኮን ቡድን መርቶ በ2005 ዓ.ም. እስከ ፍጻሜው ውድድር ያደረሰ ነበር። በነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. ከጨዋታ በፊት መዝሙሩ ሲዘመር እርሱ ተቀምጦ ታየ። ምክንያቱንም በተጠየቀ ጊዜ፥ ጥቁር ሕዝብ እየተበደለ፥ ፖሊሶችም ሰው ገድለው ሳይጠየቁ እየቀሩ፥ ኩራት እንደሚሰማው ሆኖ መቆም እንደማይችል ገለጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ኔት ቦየር የተባለ ቀድሞ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው፥ የካፐርኒክ መቀመጥ ስላሳዘነው፥ ሳይሳደብ ደብዳቤ ጻፈለት። ሁለቱም ተገናኝተው ተነጋገሩ። ወታደሩም፥ ወታደሮች በወደቀ ጓደኛቸው መቃብር ፊት በአንድ ጉልበት እንደሚንበረከኩ አስረድቶ፥ ከመቀመጥ ይልቅ መንበርከክ እንደሚሻል መከረው። ካፐርኒክም ምክሩን ተቀበለ፤ ነሐሴ 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ ከተማ ከጓደኛው ከኤሪክ ሪድ ጋራ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ወታደሩም በአጠገቡ ቆመ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሰንደቅ ዓላማ ስድብ ነው ያለው ያ መንበርከክ፥ የተወለደው ከወታደር ምክርና ሙታንን ከማክበር ልማድ ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው፥ ይልቁንም ለቤተ ክርስቲያን ሰው፥ ይህ ነገር ሳይደንቅ አይቀርም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስተብርኮ የትሕትናና የልመና ምልክት ነው፤ ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ማረኝ፥ ስማኝ ይላል እንጂ ናቅሁህ አይልም። የሠለስቱ ደቂቅም ታሪክ እዚህ ላይ ይታሰባል። እነርሱ በባቢሎን አውራጃ ላይ የተሾሙ፥ ለንጉሡ በሥራቸው የታመኑ ሰዎች ሲሆኑ፥ የዘፈኑ ዕቃ ድምፅ ሲሰማ ከሕዝቡ ጋራ ስላልሰገዱ ብቻ ተከሰሱ። እርግጥ ነው፥ የሀገር ሰንደቅ ዓላማ ጣዖት አይደለም፤ ሁለቱንም አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ከታሪኩ የሚወሰደው ግን ይህ ነው፤ ንጉሡ በቁጣ ያደረገው ሳይሆን፥ ተመልሶ አይቶ እነዚያኑ ሰዎች መሾሙ ለትምህርት ተጽፎለታል።

በሌላ ወገን ያሉትም ሰዎች የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃላቸውም ሊሰማ ይገባል። ልጁ በጦርነት ሞቶበት አስከሬኑ በሰንደቅ ዓላማ ተጠቅልሎ የመጣለት አባት፥ በዚያ ጨርቅ ፊት የማይቆም ሰው ሲያይ ልቡ ይቆስላል። ደግሞም ሰንደቅ ዓላማ የመንግሥት ሹማምንት ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ሁሉ ነው፤ ሹም ቢያጠፋ ሰንደቅ ዓላማው ምን አደረገ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጨዋታ ሰው ከኀዘኑ የሚያርፍበት ነውና ክርክር ወደዚያ ባይገባ ይሻላል የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ አቤቱታ የሚቀርበው በተመቸው ሰው ጊዜ አይደለም። ለተበደለው ሰው ሌላው በር ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሜዳውን ከመረጠ ሊወቀስ ይችላል፤ በሮቹ ተዘግተውበት እንደ ሆነ ግን ወቀሳው ወደ በረኞቹ ይመለሳል። የቆሰለውንም አባት የሚያጽናናው፥ ልጁ የሞተለት ፍርድ በእውነት በአገሩ ሲገኝ ነው እንጂ፥ ሰው ሁሉ በግድ ቆሞ ሲታይ አይደለም።

የካፐርኒክ ነገር ግን በፍርድ ሳይሆን በቁጣ ተያዘ። በ2009 ዓ.ም. ከቡድኑ ጋር የነበረው ውል ካበቃ በኋላ፥ ከ32ቱ ቡድኖች አንድም የሚቀጥረው አልተገኘም፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ውድድር አልተመለሰም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፥ የሚንበረከኩት ተጫዋቾች ከሥራቸው ይባረሩ ብለው በሕዝብ ፊት በተናገሩ ጊዜ፥ በሚቀጥለው እሑድ ከ200 የሚበልጡ ተጫዋቾች ተንበረከኩ ወይም ተቀመጡ። አንዱን ዝም ለማሰኘት የተነገረው ቃል ሁለት መቶ አስነሣ ማለት ነው። ካፐርኒክም ቡድኖቹ ተመካክረው ሥራ ነሡኝ ብሎ ባቀረበው ክስ፥ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነገሩ በስምምነት አለቀ።

ከዚህም በኋላ ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለውን ጥቁር ሰው መሬት ላይ አስተኝቶ፥ ከ9 ደቂቃ በላይ በጉልበቱ አንገቱን ተጭኖ ሞተበት። ፖሊሱ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ሆኖ ተፈረደበት። ዓለምም ሁለት ጉልበት አየ፤ አንዱ በሣር ላይ ያረፈ የልመና ጉልበት፥ ሁለተኛውም በሰው አንገት ላይ ያረፈ የግፍ ጉልበት። በፊተኛው ጉልበት የተናደደው ሰው ሁሉ፥ ያ ጉልበት ስለ ኋለኛው አስቀድሞ ሲያስጠነቅቅ እንደ ነበረ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። የጨዋታው ማኅበር የበላይ ሮጀር ጉዴል ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማኅበሩ ተጫዋቾቹን ቀደም ብሎ አለመስማቱ ስሕተት እንደ ነበረ በይፋ ተናገሩ። በዚያ ቃላቸው ውስጥ ግን የካፐርኒክን ስም አልጠሩም። ይቅርታ ሲጠየቅ የተበደለውን በስሙ አለመጥራት፥ ዕዳን አምኖ ባለ ገንዘቡን እንደ መርሳት ያለ ነው።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ ቀደም ብሎ መንገድ አሳይቶ ነበር። የይሖዋ ምሥክሮች የተባሉት ሰዎች ልጆች በትምህርት ቤት ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም ባሉ ጊዜ፥ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ1932 ዓ.ም. ሊገደዱ ይችላሉ ብሎ ፈርዶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሰኔ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. የራሱን ፍርድ ሽሮ፥ መንግሥት ማንንም በግድ ሰላምታ ሊያሰጥ እንደማይችል ወሰነ። ይህ የተፈረደው አሜሪካ በታላቁ ጦርነት ውስጥ ሳለች፥ የሰንደቅ ዓላማ ፍቅር እጅግ በተቀጣጠለበት ሰዓት ነው። ሕጉ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል አሠሪን ባይሆንም፥ ምክንያቱ ግን ለሁሉ ይሠራል። በግድ የተሰጠ ክብር ፍርሃት ይባላል እንጂ ክብር አይባልም።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። ካፐርኒክ ከመንበርከኩ በፊት በዚያው ወር፥ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን፥ ፈይሳ ሌሊሳ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፥ በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ስለሚደርሰው ግድያና እስራት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አሳየ። መዝሙር በሚዘመርበት ሰዓት ባይሆንም አቤቱታው ከዚያ ወገን ነው። ሁለት ዓመት ያህልም በስደት ቆየ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ግን የመንግሥት ሹማምንት በአውሮፕላን ጣቢያ ተቀበሉት። የስደቱን ዘመን ያሳጠረው፥ ምልክቱን ከመኮነን ይልቅ ምልክቱ ወደሚያሳየው ነገር መመልከት በመጀመሩ ነው።

እንግዲህ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሁሉ ይህን ያስተውል። በሰንደቅ ዓላማ ፊት አንገቱን የደፋ ወይም ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ሲያይ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ በምን እንቅጣው የሚል ሳይሆን ምን ደረሰበት የሚል ይሁን። ተመርምሮ አቤቱታው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፥ በእውነት ቃል ይመለስለት፤ እውነት ሆኖ ቢገኝ፥ በደሉ ይታረም። የቤተ ክርስቲያንም መምህራን የተቆጣውን ሕዝብ በማብረድ፥ የተበደለውንም በማጽናናት፥ እንደዚያ ወታደር በሁለቱ መካከል ቆመው ቢያነጋግሩ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ወታደሩ ያስታረቀው በደብዳቤና በጨዋ ንግግር ነው፤ ሹማምንቱ ግን በማባረር ምንም አላተረፉም።

ሰንደቅ ዓላማ በነፋስ ብቻ ቀና ብሎ አይውለበለብም፤ በጥላው ሥር ያለው ደሀ ፍርድ ሲያገኝ ያን ጊዜ ከፍ ይላል። ሕዝብ ሁሉ ወዶና ፈቅዶ በፊቱ እንዲቆም የሚሻ መንግሥት፥ የተንበረከከውን ሰው ክንዱን ይዞ በግድ አያስነሣው፤ ያንበረከከውን በደል ያንሣለት፤ ያን ጊዜ ሰውየው ራሱ ይቆማል።